ኤዋንሲዋ 7.1 ነው፣ ትራሷ ሥር ያገኘሁት ግን 19 የብስኩት ወረቀት

ልቤ_ተጨነቀ

ሰላም ለሁላችሁ። ወራት ሙሉ አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ነኝ፤ ዛሬ ግን አልቻልኩም።

ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ዓይነት 1 ስኳር ከተገኘባት 3 ዓመት ሊሞላት ነው። በቀን አራት አምስት ጊዜ ትወጋለች፤ ማታ የረጅም ሰዓቱን ኢንሱሊን፣ ከምግብ በፊት ደግሞ ፈጣኑን። መጀመሪያ ሁሉንም የማደርገው እኔ ነበርኩ። ሌሊት እየተነሳሁ፣ እሷ እንደተኛች ጣቷን ወግቼ ለክቼ የምመለሰው እኔ፤ ደብተሩን የምሞላውም እኔ። ካለፈው ዓመት ወዲህ «እማዬ ተይኝ፣ ራሴ እችላለሁ» አለች። እኔም ሐኪሟም ደስ አለን።

ባለፈው ሳምንት የ3 ወር ቀጠሮዋ ነበር። ኤዋንሲዋ፣ ማለትም የወራቱን የስኳር አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ 7.1 ወጣ። ሐኪሙ ሊያጨበጭብላት ምንም አልቀረው። ግን የዓመቱ የደም ምርመራም አብሮ ወጥቶ ነበርና «መጥፎው ኮሌስትሮል 118 ነው፤ ከ100 በታች ብናወርደው ጥሩ ነው» አለን። ክብደቷም በ6 ወር ውስጥ 5 ኪሎ ጨምሯል፤ ቁመቷ ግን ያን ያህል አልተከተለም። «አመጋገቧ ላይ ትንሽ ትኩረት አድርጉ» ብሎ ሸኘን። ይኸው ነው የተባልነው። ትንሽ ትኩረት።

ትናንት አንሶላዋን ልቀይር ትራሷን ሳነሳ፣ ከፍራሹና ከግድግዳው መሃል የብስኩት፣ የቺፕስ፣ የቸኮሌት ወረቀት አገኘሁ። አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፤ 19። እያንዳንዱ ተጣጥፎ፣ ሁሉም ባንድ ላስቲክ ታስሮ። ለካ ማታ አትክልትና ባቄላ ሠርቼ ሳቀርብላት ሁለት ማንኪያ ቀምሳ «አልራበኝም» ብላ የምትነሳው ለዚህ ነው።

እስካሁን ምንም አላልኳትም። አባቷ ከሰማ ቤቱን በጩኸት ያናጋዋል። እኔም መጮህ አምሮኝ ነበር፣ አልዋሽም። የማይገባኝ ነገር ግን አለ፦ ይህን ሁሉ እየበላች 7.1 እንዴት ሊወጣ ቻለ? የስኳር መለኪያ ማሽኑን እያታለለች ይሆን? የምታውቁ ንገሩኝ፤ ከመናገሬ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሚዛን_ያዥ

እህቴ አይዞሽ፤ እኛም ቤት ደርሷል። የኔ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። ደብተሩ ላይ 112፣ 108፣ 115፣ 110 እያለ ለሁለት ወር ሲሸውደን ከርሟል። ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠውን ከፍተን ስናይ 290፣ 310። ኤዋንሲው ግን አብሮት አልዋሸለትም፤ 9.4 ወጣ። ምክንያቱም እሱ ያለፈውን የ2 እና የ3 ወር አማካይ ከራሱ ከደሙ ነው የሚያነበው። ስለዚህ የልጅሽ 7.1 እውነት ነው፤ በዚያ አትጨነቂ።

የኔ ምክር አጭር ነው፦ ከቤት አውጪው። ብስኩት የለም፣ ሩዝ የለም፣ ዳቦ የለም። እኛ ካርብ (ካርቦሃይድሬት) የሚባል ነገር ዘግተን በሥጋ፣ በእንቁላልና በቅጠላ ቅጠል ይዘነዋል። አሁን ስኳሩ እንደ መስመር ቀጥ ብሏል።

ተፈጥሮ_ይፈውሳል

ኢንሱሊን ልማድ ነው። ንጹሕ ማር በባዶ ሆድ ለ40 ቀን፣ ከምሰጣችሁ ዱቄት ጋር። ስንቶች መርፌውን ጥለዋል! ስልኬ ላይ ደውሉ [በአወያዩ ተሰርዟል]

አወያይ

ስልኩን ሰርዣለሁ፣ ጽሑፉን ግን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ለአዲስ ወላጆች መልስ ይሁን ብዬ።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ሰውነት ዘንድ ማር ስኳር ነው። ዓይነት 1 ያለበት ልጅ ቆሽቱ ኢንሱሊን ስለማያመርት መርፌውን ቢያቆም ሰውነቱ ስቡን ማንደድ ይጀምራል፤ ኬቶን የሚባል አሲድ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ ይከተላል። ይህ የቀናት፣ አንዳንዴም የሰዓታት ጉዳይ ነው። ኢንሱሊን «ልማድ» ከመሆኑ በፊት የነበረውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ቶሮንቶ ውስጥ የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምሰን የጠያቂዋ ልጅ እኩያ ነበር፤ 14 ዓመቱ። ክብደቱ 30 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ምክንያቱም የዘመኑ ሕክምና ልጁን በረሃብ ማቆየት ነበር። የመጀመሪያው መርፌ ብዙም አልሠራለትም፤ ከ12 ቀን በኋላ ይበልጥ የተጣራው ሲሰጠው ነው የዳነው። ዳግመኛ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ የሚለጥፍ ይወጣል።

(ሚዛን ያዥ፣ ወንድሜ፣ ረሃብ የሚለው ቃል አንተንም ትንሽ ይነካሃል፤ እሱን ግን ለባለሙያዎቹ ልተው።)

ገና_16

ይቅርታ፣ እኔ ወላጅ አይደለሁም። 16 ዓመቴ ነው፣ ዓይነት 1። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ወረቀቶቹን ገልብጠው አይተዋቸዋል? የሰረቀ ሰው ወረቀት አጣጥፎ በላስቲክ አስሮ አያስቀምጥም፤ ይጥለዋል። እኔም አልጥልም። ጀርባቸው ላይ ካርቡ ስለተጻፈ ነው።

ልቤ_ተጨነቀ

አሁን ገልብጬ አየሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

እያንዳንዱ ላይ ካርቦሃይድሬት የሚለው መስመር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተከቧል። ጎኑ ላይ፦ 30፣ ቀስት፣ 3። ሌላው ላይ 21፣ ቀስት፣ 2። አንዱ ላይ «ግማሹን ብቻ» ብላ ጽፋ 15፣ ቀስት፣ 1.5። የሷ ሒሳብ ለ10 ግራም ካርቦሃይድሬት 1 ዩኒት ኢንሱሊን ነው። ማሽኗን ከፍቼ አየሁት፤ አልዋሸችም። ልጄ እየሰረቀች ሳይሆን እየቆጠረች ነው።

ልደሰት ወይስ ልዘን? የበላችው እኮ ያው ብስኩት ነው።

ከ11_ዓመቴ_ጀምሮ

እህቴ፣ ይህን ሳነብ የራሴ ክፍል ውስጥ የገባሽ መሰለኝ። አሁን 29 ዓመቴ ነው፤ ስኳር የተገኘብኝ በ11። በልጅሽ ዕድሜ የምበላው ነገር ሁሉ ከፓኬት የሚወጣ ነበር። ኤዋንሲዬ 6.9። ሐኪሙ ለሌሎች ልጆች ምሳሌ እያደረገ ያወራልኝ ነበር። በዚያ ዓመት ስንት ፖም እንደበላሁ ልንገርሽ? ዜሮ። ፖም ጀርባው ላይ ቁጥር የለውማ።

አንድ ቀን ምን ሆነ፣ እናቴ ሩዝ ሠርታ ምሳዬን ቋጠረችልኝ። ሳህኑን ዓይቼ «60 ግራም ይሆናል» ብዬ 6 ዩኒት ወጋሁ። ለካ 35 ያህል ነበር። ከሰዓት ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ተጠርቼ ጠመኔውን እንደያዝኩ ላብ በላብ ሆንኩ፤ መምህሩ የሚለው ከሩቅ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይገባኝም። ጓደኛዬ ጭማቂ ስታጠጣኝ ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ሲለኩኝ ስኳሬ ወርዶ 48። በዚያ ዕድሜ ከ48ቱ ይልቅ የሚያመው የፈሰሰው ጭማቂና የክፍሉ ሳቅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥር ያልተጻፈበትን ምግብ ፈራሁ። የእናቴን ምግብ ፈራሁ። «አልራበኝም» ማለት ያኔ ነው የጀመርኩት።

ታዲያ ለምን ደበቀችው ትይኝ ይሆናል። ፊታችሁን ፈርታ ነው። ብስኩት ስታይ ፊትሽ ምን እንደሚመስል አንቺ አታውቂውም፤ እሷ ግን በቃሏ ታውቀዋለች። እናቴ ተቆጥታኝ አታውቅም፤ ዝም ብላ ትተነፍሳለች። ያቺ ትንፋሽ ከጩኸት በላይ ነበረች።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ማንም ቁጥሩን ዓይቶ «ምን በልተሽ ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። ሃያ አራት ዓመቴ ላይ የደም ቅባቴ ተለክቶ ሐኪሟ ፊቷን ስታጨማድድ ነው መጀመሪያ የነቃሁት። መቁጠር ጎበዝ ነበርኩ፤ መብላት አላውቅም ነበር።

የምግብ_ባለሙያ_ነኝ

ከላይ ያለችው እህታችን በሁለት መስመር የጨረሰችውን እኔ በሙያ ቋንቋ ላስረዝመው፤ ታገሡኝ።

ኢንሱሊን ከካርቦሃይድሬቱ ጋር ከተመጣጠነ 30 ግራም ካርብ ከብስኩትም መጣ ከምስር፣ ማሽኑ ላይ ሊቀራረብ ይችላል። ኩላሊቱ፣ የደም ሥሩ፣ ልቡና አንጀቱ ግን አንድ አድርገው አያዩትም። ብስኩቱ ይዞት የሚመጣው የሚረጋ ቅባት፣ ጨውና ባዶ ካሎሪ ነው፤ ምስሩ ደግሞ ፕሮቲንና ፋይበር የምንለው ቃጫ። ስለዚህ ኤዋንሲና የምግብ ጥራት ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል፦ ዓይነት 1 ያለባቸው ልጆችና ወላጆቻቸው ለ18 ወር ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ጥራጥሬና ያልተፈተገ እህል እንዲያበዙ ሲታገዙ ቆዩ፤ የምግባቸው ጥራት በርግጥ ተሻሻለ፣ ኤዋንሲው ግን ከሌሎቹ አልተለየም። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ምን ያደርጋል?» ይላል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ ኤዋንሲን ብቻ እያየን ስለ ምግቡ መናገር አንችልም ማለት ነው። የጠያቂዋ ልጅ 7.1 እና 118 ባንድ ወረቀት ላይ አብረው የወጡት ለዚህ ነው።

ጥፋቱ የሷ አይደለም። መቁጠር ስናስተምር ወላጅም ልጅም ሳያውቁት ወደ ታሸገ ምግብ ይንሸራተታሉ። ቁጥሩ ተጽፎ ስለሚመጣ ያ «አስተማማኝ» ይሆናል፤ የማሰሮው ምግብ ደግሞ «አደገኛ»። መፍትሔው ብስኩቱን መቀማት ሳይሆን ለማሰሮው ቁጥር መስጠት ነው።

እንዴት? አንድ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ግራም የሚያሳይ። ከዚያ ጥቂት ማባዣዎችን በቃል መያዝ። የበሰለ ነጭ ሩዝ በ0.28፣ ፖም በ0.14፣ የተላጠ ሙዝ በ0.23፣ ነጭ ዳቦ በ0.49፣ የተቀቀለ ምስር በ0.20። 180 ግራም ሩዝ ሲባዛ 50 ግራም ካርብ ነው። 150 ግራም ፖም 21። አበቃ። ለተቀላቀለ ምግብ ደግሞ ስትሠሪ የገባውን ካርብ ሁሉ ደምሪ፣ ድስቱ ሲበስል መዝኚው (የባዶ ድስቱን ክብደት ቀንሰሽ)፣ አካፍይ፤ የዚያ ድስት ማባዣ ይወጣልሻል። ለሁለት ለሦስት ሳምንት ከመዘነች በኋላ ዓይኗ ራሱ ሚዛን ይሆናል። ደግሞ ወርቅ አይደለም የምትመዝነው፤ በአንድ ገበታ ላይ የ10 ግራም ስህተት ብዙ አያናጋም። 20 ሲደርስ ነው ማሽኑ ላይ የሚታየው።

ሰዓቱ ደግሞ አለ። ፈጣኑ ኢንሱሊን ሥራ እስኪጀምር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ጉልበቱ የሚበረታው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ምግብ ከጀመሩ በኋላ ወይም ጨርሰው የሚወጉ ልጆች ቁጥራቸው ትክክል ሆኖ እንኳ ስኳራቸው ጣሪያ ነክቶ ይመለሳል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀድማ ብትወጋ፣ መነሻዋ ዝቅ ያለ ካልሆነ በስተቀር፣ ያንኑ ምግብ በልታ ሌላ ቀን ይመስላታል። ቅባትና ፕሮቲን የበዛበት ገበታ፣ ለምሳሌ ፒዛ፣ በተቃራኒው ስኳሩን ከሰዓታት በኋላ፣ ተኝታ ሳለች ነው የሚያወጣው፤ እሱን ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሩበት እንጂ በግምት መርፌ አትጨምሩ።

አቶ ሚዛን ያዥ፣ አይቀየሙኝና እርስዎ ጋ ልመለስ። በዚህ ዕድሜ ካርብን መዝጋት አይመከርም። ዓለም አቀፉ የሕፃናትና ወጣቶች ስኳር ማኅበር ከቀኑ ጉልበት ከ40 እስከ 50 በመቶው ከካርቦሃይድሬት ይምጣ ነው የሚለው። እያደገ ያለ ልጅ ሲከለከል እድገቱ ሊጓተት፣ ኬቶኑ ሊጨምር፣ የደም ቅባቱ ሊበላሽ ይችላል። ቀጥ ያለ መስመር ያምራል፤ ቁመቱንም አብረው ይለኩት።

ሚዛን_ያዥ

እንደዚህ በትሕትና ሲነግሩኝ መናደድ አልችልም። ግን 9.4 የነበረ ልጅ 7.6 ገባ፤ እሱን ደግሞ ማን ይክደዋል?

ከ11_ዓመቴ_ጀምሮ

ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ። ልጅህ ጓደኞቹ ጋር ሲሆን ምን ይበላል? እና ለሱ ይወጋል? የተከለከለ ነገር የበላ ልጅ መርፌውን አውጥቶ ቢወጋ መብላቱን አመነ ማለት ነው። ስለዚህ አይወጋም። እኔ አውቀዋለሁ።

ሚዛን_ያዥ

...ዓርብ ዓርብ ከኳስ ሲመለስ ሁሌ 260 ነው። «ተሯሩጬ ነው» ይለኛል።

ገና_16

ጋሼ፣ ኳስ ላይ አጭር አጭር ሩጫ ሲበዛ ለጊዜው ሊያወጣው ይችላል፣ ያ እውነት ነው። ግን ሁሌ ዓርብ፣ ሁሌ 260 ከሆነ ኬክ ነው።

ቁም ነገሩ፣ ከኳስ ቀን በኋላ ሌሊቱ ነው መጠንቀቅ። ጡንቻው የተጠቀመውን ስኳር ሲመልስ እኔን ከተኛሁ በኋላ ነው የሚጥለኝ። አንዴ አንሶላው በላብ ረጥቦ ነቅቼ 52። አሁን በኳስ ቀን ማታ ሳልለካ አልተኛም። ከ70 በታች ሲሆን 15 ግራም ፈጣን ስኳር፣ 15 ደቂቃ ጥበቃ፣ እንደገና መለካት። ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ይበቃል። ቸኮሌት ለዚህ አይሆንም፤ ቅባቱ ያዘገየዋል። ይህን ለማመን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ «ስኳሬ ወርዷል» ብሎ ቸኮሌት መብላትን የመሰለ ነገር ስለሌለ።

አንድ ነገር ደግሞ ለወላጆች ሁሉ፦ ከትምህርት ቤት ስገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነው?» ባይሆን። «እንዴት ዋልክ?» ይቅደም። ቁጥሩ አይጠፋም፤ ማሽኑ ውስጥ አለ።

ሌሊት_ተረኛ

የስኳር ክፍል ነርስ ነኝ፤ ስፈራረቅ ነው የምጽፈው። ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ እነዚያ 19 ወረቀቶች የሚበሉት በስንት ሰዓት ነው? ማሽኗ ውስጥ ከመኝታ በፊት ያለውን ቁጥር እዩ። የማታው የረጅም ሰዓት ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋት በላይ ከሆነ ስኳሯ ቀስ እያለ ይወርድና ልጅቷ «ርቦኝ ነው» ብላ ትበላለች። እንዲህ ሲሆን ልጅቷ መርፌውን እየቀለበችው ነው ማለት ነው፤ ክብደትም የሚጨምረው እንዲህ ነው። ግን ጉርምስና ላይ ናት፤ በዚህ ዕድሜ የእድገት ሆርሞን ኢንሱሊኑን ስለሚያዳክመው የሚያስፈልጋቸው መጠን በቀን በኪሎ ከ1 ዩኒት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በራሳችሁ አትቀንሱ። የ10 ቀን ቁጥር ይዛችሁ ለሐኪሟ አሳዩ።

ሁለተኛው ከባዱ ነው፤ ቃል መርጬ ነው የምናገረው። ስለ ክብደቷ ስታወሩ ተጠንቀቁ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ኢንሱሊን ካልወሰዱ ስኳሩ በሽንት እየወጣ ኪሎ እንደሚቀንሱ ይደርሱበታል። ማንም ሳይነግራቸው። ከዚያ «ረሳሁት» ይበዛል፤ ኤዋንሲው ያለ ምክንያት ይወጣል፤ ሚዛን ላይ መውጣት አይወዱም፤ በተደጋጋሚ በኬቶን እየታመሙ ይመጣሉ። ያንቺ ልጅ አሁን እዚያ የለችም፤ በየብስኩቱ የምትወጋ ልጅ ናት፣ ተመስገን በይ። ግን ነገ ማታ «ወፍረሻልና ብስኩት ተዪ» ብትባል ልትተወው የምትችለው ነገር ሁለት ነው፤ አንዱ ብስኩቱ፣ ሌላው መርፌው። የትኛው እንደሚቀላት አስቢ። ይህ ምልክት የታየበት ልጅ ያለው ወላጅ ደግሞ ሳይቆጣ፣ ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ ይንገር።

ዓይነት2_ቤት

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። የኛ ልጅ 15 ዓመቱ ነው፣ ያለበት ግን ዓይነት 2። አንገቱ ዙሪያ ቆዳው እየጠቆረ ሲሄድ «ቆሻሻ ነው፣ እሸው» እያልን ስንቀጣው ከርመናል፤ ለካ የኢንሱሊን መለገም (ኢንሱሊን እያለ ሰውነት በደንብ አለመታዘዙ) ምልክት ነው። ለኛ እንኳ መቁጠሩ ሳይሆን የቀየረን ለስላሳ መጠጥን መተው ነው፤ አንድ የ330 ሚሊ ጣሳ 35 ግራም ገደማ ስኳር ነው። ደግሞ «ዓይነት 2 ቀላሉ ነው» የሚሉ አትስሙ። አሜሪካ ውስጥ ከ10 እስከ 17 ዓመት ባሉ 699 ልጆች ላይ በተደረገው ትልቅ ጥናት ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ብቻውን ለግማሽ ያህሉ አልበቃም። ቤተሰቡ በሙሉ ካልተቀየረ ልጁን ብቻ ማስታመም ከንቱ ነው። እኔ ራሴ 8 ኪሎ ቀንሻለሁ፣ ሳልፈልግ።

ልቤ_ተጨነቀ

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፤ አንዳንዱን ሁለቴ። ዛሬ ማታ ላናግራት ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን...

ከ11_ዓመቴ_ጀምሮ

ወረቀቱን ይዘሽ ግቢና «ሒሳብሽ ልክ ነው» ብለሽ ጀምሪ። ሌላውን እሷ ትቀጥለዋለች።

ልቤ_ተጨነቀ (ከ2 ሳምንት በኋላ)

ቃል እንደገባሁት ተመልሻለሁ።

ያን ማታ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብዬ ወረቀቶቹን አስቀመጥኩና የተባልኩትን አልኳት፤ «ሒሳብሽ ልክ ነው»። መጀመሪያ ፊቷ ድርቅ አለ። ቀጥሎ አለቀሰች። ከዚያ ሰላሳ ደቂቃ ሳታቋርጥ አወራች። ትምህርት ቤት ሁለቴ ወድቃ እንደነበር አላውቅም ነበር። ሁለቱም ቀን እኔ የቋጠርኩላትን በልታ ነው። «ያንቺን ምግብ ጠልቼ አይደለም፤ ስንት እንደሆነ ስለማላውቅ ነው» ስትለኝ ምን ልበል።

ሚዛን ገዛን። እሷ ናት የመረጠችው። የመጀመሪያው ሳምንት ቤታችን ላቦራቶሪ ሆነ፤ አባቷ ሳይቀር ዳቦውን እየመዘነ «52 ግራም፣ ማባዣው ስንት ነበር?» ይላል። አሁን ማቀዝቀዣው በር ላይ በእጇ የጻፈችው ዝርዝር ተለጥፏል፤ ከሥሩ «የእማዬ ባቄላ» የሚል ለብቻው ማባዣ አለው፤ ድስቱን ከነክዳኑ መዝነን አንዴ ተሳስተን እንደገና ያወጣነው። ብስኩቱ አልጠፋም። ጠረጴዛ ላይ ሆኗል፤ ሳምንቱን ሙሉ ያለቀው 4 ነው። ማንም አልከለከላትም።

ነርሷ እህቴ፣ እንዳልሽው የ10 ቀን ቁጥር ወሰድን። ከመኝታ በፊት 78፣ 82፣ 74፤ በተደጋጋሚ። ሐኪሙ የማታውን ከ22 ወደ 20 አወረደው። ማታ ማታ ያንን ረሃብ አላየሁባትም። ስለ ክብደቷ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ኮሌስትሮሉ ከ3 ወር በኋላ ይታያል።

ደግሞ ዛሬ ጠዋት ምን አየሁ መሰላችሁ? ቦርሳዋ ውስጥ ሙዝ ጨምራለች። ልጣጩ ላይ፣ በዚያው በሰማያዊ እስክሪብቶ፦ 23፣ ቀስት፣ 2.5።

ሚዛን_ያዥ

እኛም ዳቦ አስገብተናል። ቁጥሩ ትንሽ ተንቀሳቅሷል። ዓርብ ዕለት ግን ራሱ መጥቶ «ኬክ በልቻለሁ፣ 4 ወግቻለሁ» አለኝ። አልተነፈስኩም፤ ትንፋሽ ያለችውን አስታውሼ።

ገና_16

የሙዙ ነገር፣ ከነልጣጩ መዝና ከሆነ ግን ተሳስታለች። ልጣጩ ብቻውን ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ነው፤ 23 ሳይሆን ከዚያ ያነሰ ነው የሚሆነው። ይንገሯት።

ልቤ_ተጨነቀ

ነገርኳት። «እማዬ፣ ትናንት የበላሁትን ሙዝ ልጣጩን ለብቻ መዝኜዋለሁ፤ ቀንሼ ነው የጻፍኩት» አለችኝ።